ባለ ኪቦርድ ስልክ ለሥራ፦ ምን አይቶ መግዛት፣ እንዴት መጠቀም

ስክሪን ላይ መጻፍ የመረረው ሰው ቀስ በቀስ የድሮው ይናፍቀዋል። "ያ ቁልፍ ያለው ብላክቤሪ አሁንም ይገኛል እንዴ?" ይላል። ይገኛል። ችግሩ የሚገኘው ሁሉ የማይሠራ መሆኑ ነው። መስታወት ሥር ተደርድረው ከምታዩዋቸው አንዳንዶቹ ዛሬ ስልክ እንኳ በቅጡ አይደውሉም፤ ሻጩ ይህን ቢያውቅም ባያውቅም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለራሳችሁ መልሱ። በስልካችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምን ታደርጋላችሁ? ቀኑን ሙሉ ኢሜል የምትመልሱ፣ በቴሌግራም ደንበኛ የምታስተናግዱ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ሪፖርት የምትጨርሱ ከሆነ ቀጥሉ፤ ይሄ ዕቃ የእናንተ ነው። ቪዲዮ ማየትና ጌም መጫወት ከሆነ ግን ተዉት፣ በእውነት ተዉት። የስልኩን ፊት ትልቅ ድርሻ ቁልፎቹ ይዘውታል። ስክሪኑ አጭር ነው። አግድም ይዛችሁ ፊልም ስታዩ ከላይና ከታች ጥቁር ይተዋል፣ አያያዙም አይመችም።

የማይገዛውን መለየት

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ብላክቤሪ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ስልኮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የድሮው የኩባንያው ሲስተም ያለባቸው ናቸው፤ በ2011 የወጣው ቦልድ 9900 ከእነሱ ይመደባል። ሁለተኛዎቹ ብላክቤሪ 10 በሚባለው ሲስተም የሚሠሩት ናቸው፤ ኪው10፣ ፓስፖርት፣ ክላሲክ። ሦስተኛዎቹ አንድሮይድ ያላቸው ናቸው። እነዚህ በ2015 መጨረሻ በፕሪቭ ጀመሩ፣ ከዚያ ኪይዋንና ኪይቱ ተከተሉ።

ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ኩባንያው የመጀመሪያዎቹንና የሁለተኛዎቹን አገልግሎት ዘጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳታም፣ ጥሪም፣ ቴክስትም፣ ሌላው ቀርቶ የድንገተኛ ጥሪ እንኳ በእነዚህ ስልኮች አስተማማኝ እንዳልሆነ ራሱ ኩባንያው አሳውቋል። ዋትሳፕ ደግሞ ቀድሞ፣ በ2017 ማብቂያ ላይ ነው የጣላቸው። ስለዚህ "ሳጥኑ ያልተከፈተ ፓስፖርት" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ልባችሁ አይሸበር። ፓስፖርት ያምራል፤ 1440 በ1440 የሆነ አራት ማዕዘን ስክሪኑን የመሰለ ያኔም አልነበረም። ቦልድ 9900ም ቁልፉ ቅቤ ነው፣ ከእሱ የተሻለ አልተሠራም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አልከራከራቸውም። ግን ለሥራ የሚሆን ስልክ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለቱም ዛሬ ጌጥ ናቸው።

ከዚያው ዘመን ኖኪያ ኢ71ንም የሚያስታውስ አይጠፋም። በ2008 የወጣ፣ ቀጭን፣ ብረት ለበስ ስልክ ነበር። ሲስተሙ ሲምቢያን ስለሆነ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን አፖች አይቀበልም። ለመደወልና ለቴክስት ብቻ ሁለተኛ ስልክ የሚፈልግ ሰው ሊይዘው ይችል ይሆናል።

አንድሮይዶቹ ናቸው እንግዲህ የሚቀሩት። ከእነሱ ውስጥ እኔ የምመክረው ኪይቱን ነው።

ኪይቱ በቅርብ ሲታይ

ኪይቱ በጁን 2018 ኒው ዮርክ ላይ ተዋወቀ፣ ዋጋው 649 ዶላር ነበር። የሠራው የቻይናው ቲሲኤል ነው፤ የብላክቤሪን ስም በፈቃድ ወስዶ ይጠቀም ነበር። ክብደቱ 168 ግራም ነው። ዙሪያው አሉሚኒየም፣ ጀርባው ደግሞ ጎማ ጎማ የሚል ሸካራ ሽፋን ነው። ይሄ ሸካራ ጀርባ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በሁለት አውራ ጣት ስትጽፉ የስልኩን ክብደት የሚሸከሙት ከኋላ ያሉት ጣቶች ናቸው፣ ጀርባው የሚያንሸራትት ቢሆን ኪቦርዱ ምን ቢያምር ዋጋ አይኖረውም ነበር።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። አራት ረድፍ ናቸው። ከኪይዋን ጋር ሲነጻጸሩ ቁመታቸው 20 በመቶ ጨምሯል፣ የኪይዋን የሚያብለጨልጭ ገጽም ቀርቶ ደብዛዛ ሆነዋል። በየረድፉ መካከል ቀጭን የብረት መስመር አለ። አውራ ጣታችሁን ሳታዩ ከላይ ወደ ታች ብታንሸራትቱ መስመሩ እየነካችሁ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆናችሁ ይነግራችኋል፤ የክራር ተጫዋች ክሮቹን ሳያይ እንደሚያገኛቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁልፍም ጠፍጣፋ አይደለም፤ ከፍ ያለ ጠርዝ ስላለው ጣት ከጎረቤቱ ይለየዋል። አንድ ሳምንት ሲሞላችሁ ዓይናችሁ ሰው ላይ ሆኖ ጣታችሁ መልእክት መጨረስ ይጀምራል። ስብሰባ ላይ ይሄ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስብሰባ የሚበዛበት ያውቀዋል።

ስፔሱ ላይ የአሻራ ማንበቢያ አለ። ኪቦርዱ ራሱ ደግሞ እንደ ስክሪን ንክኪ ያውቃል። ቁልፎቹን ሳትጫኑ ጣታችሁን ላያቸው ላይ ብታንሸራትቱ ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ጣታችሁ የምታነቡትን አይጋርድም። እየጻፋችሁ ከቀኝ ወደ ግራ ጠረግ ብታደርጉ የመጨረሻው ቃል ይጠፋል። ከቁልፎቹ በላይ ሦስት የቃል ግምቶች ሲመጡ የፈለጋችሁት ያለበትን አቅጣጫ ወደ ላይ ገፋ ማድረግ ነው፣ ቃሉ ይገባል።

ሌላው ሌላው ባጭሩ፦ ስክሪኑ 4.5 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ ስናፕድራጎን 660፣ ራሙ 6 ጊጋ፣ ባትሪው 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ከጀርባ ሁለት ካሜራ፣ የሜሞሪ ካርድ ቦታ አለው፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውም አልተነፈገም። ካሜራው መካከለኛ ነው። ደረሰኝና ሰነድ ለማንሳት ይበቃል፣ የሠርግ ፎቶ አትጠብቁበት።

በዚያው ዓመት ኪይቱ ኤልኢ የሚባል ርካሽ ወንድም ወጣለት። ሲያዩት ይመሳሰላሉ፣ ሻጭም "ያው ነው" ይላችኋል። ያው አይደለም። የኤልኢው አካል ፕላስቲክ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ባትሪው 3000። ዋናው ልዩነት ደግሞ ኪቦርዱ ንክኪ አያውቅም፤ ያ ማንሸራተት፣ ያ ቃል መጥረግ የለም። በኪይቱ ዋጋ እንዳትገዙት።

ኪይዋን በ2017 የወጣ ነው፣ ራሙ 3 ጊጋ ብቻ ነው (ጥቁሩ ልዩ እትም 4 አለው)። መጀመሪያ ከተሸጡት ላይ ስክሪኑ በደንብ አልተጣበቀም ነበር፤ ስልኩ ሲታጠፍ ስክሪኑ ከቦታው ብድግ እንደሚል በይፋ ታይቷል፣ አምራቹም በኋላ ማጣበቂያውን አጠናክሯል። ካገኛችሁት ጠርዙን በጥፍራችሁ ዙሩበት።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ

አዲስ ኪይቱ ከእንግዲህ አይመረትም፤ የቲሲኤል ፈቃድ በኦገስት 2020 አልቋል። ስለዚህ የምትገዙት ያገለገለ ነው፣ ወይም "አዲስ" ተብሎ የታደሰ። ጊዜ ወስዳችሁ ፈትሹት።

ማስታወሻ መጻፊያ ክፈቱና ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ቁልፍ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫኑ። አንዴ ተጭናችሁ ሁለት ፊደል የሚጽፍ፣ ወይም ጠበቅ አድርጋችሁ ካልተጫናችሁት የማይሰማ ቁልፍ ካለ ስልኩን መልሱ። "ሲጠቀሙበት ይስተካከላል" የሚባል ነገር የለም። ይብስበታል እንጂ። ኪቦርዱ አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ አንዷን ቁልፍ ነጥሎ መቀየር አይቻልም፣ መለዋወጫ ፍለጋውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ከዚያ ስልኩን በእጃችሁ ከልላችሁ ጨለማ ፍጠሩና የቁልፎቹን መብራት እዩ። አንዱ ጥግ ደብዝዞ ከሆነ ተከፍቶ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። ቁልፎቹ ላይ ጣት አንሸራትቱና ገጽ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ተመልከቱ፣ የራሳችሁን አሻራ ስፔሱ ላይ አስመዝግቡና ክፈቱበት። ቀኝ ጎን ላይ ያሉትን ቁልፎች ሁሉ ንኩ። ቻርጀር ሰክታችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት፣ ቻርጅ እያቋረጠ የሚመለስ ከሆነ ቀዳዳው ሄዷል።

*#06# ደውሉና የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ። የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንት ወጥቶ ስልኩ ፊታችሁ ፎርማት ይደረግ፤ አካውንቱ ሳይወጣ የተሰረዘ ስልክ ሲነሳ የድሮውን ኢሜልና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፣ ያኔ ሻጩን ከየት ታመጡታላችሁ? ሁለት ሲም ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ኪይቱ ባለ አንድም ባለ ሁለትም ሲም ሆኖ ተሠርቷልና የሲም መያዣውን አውጥታችሁ እዩ፣ በወሬ አትመኑ።

የመጨረሻው ፈተና ከሁሉም ይበልጣል። የባንካችሁን አፕና ቴሌብርን እዚያው ጫኑና ክፈቱ። ኪይቱ አንድሮይድ 8.1 ላይ ቆሟል፣ ከዚያ በላይ አልተሰጠውም። በሌሎች የድሮ ስልኮች ላይ ጎበዝ ባለሙያ አዲስ አንድሮይድ ይጭናል፤ እዚህ ግን አይሆንም፣ አዲስ ሲስተም የሚጫንበት መግቢያ ስለተቆለፈ። ስለዚህ ዛሬ የሚከፈተው አፕ የዛሬ ዓመት "የእርስዎ ስልክ አይደገፍም" ሊል ይችላል። ድጋፉም በ2022 ስላበቃ አዲስ የደኅንነት ጥገና አይመጣለትም። እኔ ብሆን ብዙ ገንዘብ የማንቀሳቅስበትን የባንክ አፕ ሌላ፣ አዲስ ስልክ ላይ አድርጌ ኪይቱን ለኢሜል፣ ለመልእክትና ለማስታወሻ እጠቀምበት ነበር። ኩባንያው በደኅንነት ታዋቂ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ያ ዝና የቆየ ሲስተም አያድስም።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። ኤቲ ኤንድ ቲ በፌብሩዋሪ 2022 ሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ዘግቷል፣ ሌሎቹም ተከትለዋል። ስለዚህ ጥሪ የሚያልፈው በ4ጂ ላይ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ኔትወርኩ የስልኩን ሞዴል መቀበል አለበት። ዳታ ሠራ ማለት ጥሪ ይሠራል ማለት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የስልኩን መለያ ቁጥር የኔትወርካችሁ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ አረጋግጡ።

የመጀመሪያው ምሽት

ስልኩ ቤት ከገባ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው ዋትሳፕና ቴሌግራም ጭኖ እንደማንኛውም ስልክ መጠቀም ነው። እንደዚያ ከሆነ ለምን ተገዛ? የዚህ ስልክ ትልቁ ጥቅም አቋራጮቹ ላይ ነው።

26 ፊደላት አሉ። እያንዳንዱ አጭር ንክኪና ረጅም ንክኪ ስለሚያውቅ 52 አቋራጭ መስጠት ይቻላል። ዋናው ገጽ ላይ ሆናችሁ አንድ ፊደል ተጫኑ፣ ምን ልክፈት ብሎ ይጠይቃችኋል። አፕ ብቻ አይደለም የሚቀበለው፤ ለአንድ ሰው መደወልን ወይም ለአንድ ሰው ቴክስት መክፈትንም ይቀበላል። ለምሳሌ የቲ ቁልፍ በአጭሩ ቴሌግራም፣ በረጅሙ ቶርች ይሁን። የኤም ቁልፍ በአጭሩ ኢሜል፣ በረጅሙ ለእማዬ ጥሪ። 52ቱን በአንድ ሌሊት ለመሙላት አትሞክሩ፣ ትረሷቸዋላችሁ። በቀን ደጋግማችሁ የምትከፍቷቸውን አምስት ስድስት ነገሮች ብቻ ስጡና ጣታችሁ ሲለምድ ሌላ ጨምሩ።

ከታች በቀኝ ጥግ ነጠብጣብ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ። እሱን ይዛችሁ ፊደል ብትጫኑ አቋራጩ ከየትኛውም አፕ ውስጥ ይሠራል፣ ወደ ዋናው ገጽ መመለስ የለም። ኢሜል እየጻፋችሁ ነው እንበል፣ ደንበኛው የላከው ቁጥር ቴሌግራም ላይ ነው። ነጠብጣቡንና ቲን፣ ቁጥሩን ኮፒ፣ ነጠብጣቡንና ኤምን። በቃ። ኪይዋን ላይ ይሄ ቁልፍ የለም፣ አቋራጩ ከዋናው ገጽ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ኪይቱን ያስመረጠኝ አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ አጭር ቃል ጽፋችሁ በረጅም የሚተካላችሁ ቦታ አለ። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁን፣ የቢሮ አድራሻችሁን፣ ያንን በየቀኑ የምትልኩትን "ሰላም፣ መልእክትዎ ደርሶናል" የሚል ዓረፍተ ነገር በሦስት ፊደል አሳጥሩት። ነጋዴ ለሆነ ሰው ይሄ ብቻውን የስልኩን ዋጋ ያወጣል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ትንንሾቹን ደግሞ በመንገድ ላይ ትለምዷቸዋላችሁ። ስፔስ ሁለቴ ሲነካ ነጥብ ይሆናል። ፊደል ተጭኖ ሲያዝ ትልቁ ፊደል ይመጣል። ቁጥሮቹ በግራ በኩል እንደ ድሮ ስልክ ሦስት በሦስት ተደርድረዋል፣ ዜሮ የራሱ ቁልፍ አለው። ፎቶ ስታነሱ የስክሪኑን ቁልፍ ትታችሁ የተመዘገበ ጣታችሁን ስፔሱ ላይ ብታደርጉ ፎቶው ጋለሪ ውስጥ አይገባም፣ በአሻራ በሚከፈተው የተቆለፈ ቦታ ይቀመጣል። መታወቂያና ውል ለማንሳት ግሩም ነው። ማንሸራተቱ ሳታስቡት ገጽ እያንቀሳቀሰ ካስቸገራችሁ ከሴቲንግ ይጠፋል፣ ግን ጥቂት ቀን ታገሡት።

አማርኛውስ?

እዚህ ጋ ልታዝኑ ትችላላችሁ። ቁልፎቹ ላይ ያለው የላቲን ፊደል ነው፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርድ አፖችም የተሠሩት ለስክሪን ንክኪ ነው። የሚመቸው አፕ የላቲኑን ድምፅ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚለውጥና የቁልፎቹን ንክኪ የሚሰማ ነው። ኤስን (s) ብቻ ስትነኩ ስ፣ ኢ (e) ስታስከትሉበት ሰ፣ ኤ (a) ስታስከትሉበት ሳ ይሆናል። ይሄን የለመደ ሰው ፊደል ፍለጋ ውስጥ አይገባም፣ ኮምፒውተር ላይ በዚህ መንገድ የሚጽፉ በሁለት ቀን ይላመዱታል። የምትወዱት አፕ ቁልፎቹን ይሰማ እንደሆነ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሞክሩ።

ካልሰማ አማራጭ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋና ግብዓት፣ ከዚያ የአካላዊ ኪቦርድ የሚለው ጋ ግቡና የስክሪኑ ኪቦርድ አብሮ እንዲታይ የሚፈቅደውን አብሩ። የጉግል ኪቦርድ በሆነው ጂቦርድ ላይ አማርኛ ስላለ በእሱ ትጽፋላችሁ። ስክሪኑ ትንሽ በመሆኑ ግማሹን ይበላዋል። አብዛኛው ጽሑፋችሁ በግዕዝ ፊደል ከሆነና አፑም ካልሰማላችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልኩ ለእናንተ አይሆንም። በእንግሊዝኛ ለሚሠራ፣ ወይም አማርኛውንም በላቲን ለሚጽፍ ግን ችግር የለውም።

የድሮ ሲስተም ለማይፈልግ

አዲስ አንድሮይድና አካላዊ ቁልፍ አንድ ላይ የሚፈልግ ወደ ዩኒኸርትዝ ይሂድ። የሻንጋይ ኩባንያ ነው፣ ከ2019 ጀምሮ ታይታን የሚባሉ ባለ ቁልፍ ስልኮች እየሠራ ነው። የመጀመሪያው ታይታን 300 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 6000 ባትሪ የያዘ ጡብ ነበር፤ የሸሚዝ ኪስ አይችለውም። በ2025 የመጣው ታይታን 2 ግን ሌላ ነገር ነው። መልኩ የፓስፖርትን ያስታውሳል፣ ስክሪኑ 4.5 ኢንች ካሬ፣ ራሙ 12 ጊጋ፣ አንድሮይድ 15፣ 5ጂም አለው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ትንሽ ሁለተኛ ስክሪን። ያለ ስጋት የባንክ አፕ ልጫንበት ለሚል ሰው ከኪይቱ ይልቅ ይሄ ይሻላል። ውበት ግን ኪይቱ ጋ ነው ያለው።

አይፎን ያላችሁና መተው የማትፈልጉ ደግሞ ክሊክስ የሚባል ሽፋን አለ፣ በ2024 መጀመሪያ የወጣ። ስልኩን ከታች በኩል ታስገቡታላችሁ፣ ቁልፎቹ ከስክሪኑ በታች ይቀጥላሉ፣ ኃይሉን የሚወስደው ከስልኩ ስለሆነ ለብቻው ቻርጅ አይፈልግም። ስክሪናችሁ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናል። በምትኩ ስልኩ ይረዝማል፣ ሚዛኑም ወደ ላይ ያጋድላል፣ መጀመሪያ ላይ ከእጅ ሊወድቅ የሚል ይመስላል። ስትገዙ የአይፎናችሁን ሞዴል በትክክል ተናገሩ፤ ለአንዱ ሞዴል የተሠራው ለሌላው አይገባም።